አፍዝ አደንግዙ የማን ነው?

«ስቬንጋሊ» የተባለውን አሮጌ ፊልም አይተን ስንወጣ ከመካከላችን አንዱ «የሰውዬው ዓይን ያስፈራል» አለ። ሁላችንም «እውነት ነው» አልን። ቆይተን ስናስበው ግን ነገሩ ከነከነን። እንዴት እንዲህ በቀላሉ ተስማማን? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ በ1931 በዋርነር ብራዘርስ የተሠራ፣ አርቺ ሜዮ ያዘጋጀው፣ ጆን ባሪሞር በዋና ተዋናይነት የተጫወተበት ነው። ታሪኩ ፓሪስ ላይ ይጀምራል። ስቬንጋሊ የሙዚቃ መምህር ነው፤ ትሪልቢ ደግሞ ለሠዓሊዎች እየተቀመጠች እንጀራዋን የምታገኝ ልጅ ናት። አፍዝዞ ራስ ምታቷን ያስለቅቃታል፤ ቀጥሎ እሷን ራሷን ይወስዳታል። በእሱ ፈቃድ ታላቅ ዘፋኝ ትሆናለች። በመጨረሻ ካይሮ ውስጥ ስትዘፍን የሰውዬው ልብ ይደክማል፤ ድምፅዋም አብሮ ይሰበራል። እሱ ሲሞት እሷም ትከተለዋለች።

ታሪኩ የተወሰደው ጆርጅ ዱ ሞሪዬ በ1894 ካወጣው «ትሪልቢ» ከተባለው ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ስቬንጋሊን አይሁዳዊ አደረገው፤ ቆሻሻ፣ ስግብግብ፣ ተንኮለኛ አድርጎም ሣለው። የመጽሐፉን ሥዕሎች የሠራውም ራሱ ነው። ያ መልክ፣ ጢሙም ቆልማማው አፍንጫም፣ ወደ ፊልሙ ተሻገረ።

ሳይንሱስ ምን ይላል? ገና በ1784 ፍራንክሊንና ላቮይዚዬ ያሉበት የፈረንሳይ ንጉሥ ኮሚሽን የመስመርን «ማግኔታዊ ፈሳሽ» መረመረ። ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም፣ የሚሠራው የሰዎቹ ምናብ ነው ሲል ደመደመ። በ1880ዎቹም በርንሃይም የተባለው የናንሲ ሐኪም ቁልፉ ሐሳቡን በሚቀበለው ሰው አእምሮ ውስጥ መሆኑን አስተማረ። እንግዲህ ልብ ወለዱ ሲወጣ ይህ ሁሉ ተጽፎ ነበር። ታሪኩ ግን ኃይሉን መልሶ ከባዕዱ ሰው ዓይን ውስጥ ከተተው። ለምን ቢባል፣ ለተመልካቹ የሚመቸው እንዲያ ስለሆነ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ሰው ይሆንለታላ!

ይህ ደግሞ ተራ ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። በ1920 በጀርመኑ «የዶክተር ካሊጋሪ ክፍል» ፊልም አፍዛዡን ሆኖ የሠራው ቨርነር ክራውስ ነበር። ይኸው ሰው በ1940 በናዚዎቹ «ይሁዳዊው ዙስ» ፊልም ውስጥ ብዙ አይሁዳውያንን ሆኖ ተጫወተ። ሂምለር የኤስ ኤስና የፖሊስ አባላት ይህን ፊልም እንዲያዩት አዘዘ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በዓይን የፈዘዘ ሰው አልነበረም። ሁሉም ነቅቶ ነው ያየው።

«ይህ የፈረንጆች ጣጣ ነው» የሚለን ጓደኛ ካለ፣ አገር ቤት ይመለስ። ጎንደርና ሰሜን ውስጥ ማረሻውን የሚቀጠቅጡልን፣ ምጣዱንና ገንቦውን የሚሠሩልን ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ማረሻቸውን ገዝተን አረስንበት፤ በምጣዳቸው ጋገርንበት፤ ሰው ሲታመም ግን «ቡዳ በላው» ብለን ወደ እነሱ አመለከትን። ዓይናቸውን ፈራን። ማን ነበር ያፈዘዘን? ማንም። ከአያቶቻችን የሰማነውን ሳንመረምር ተቀበልን እንጂ።

ፊልሙን እንዳናየው አይደለም የምንለው። የባሪሞር አሠራር ዛሬም ያስደንቃል። ግን ከአዳራሹ ስንወጣ የምንነጋገረው ስለ ሰውዬው ዓይን ብቻ አይሁን፤ ያንን ዓይን እንድንፈራ ማን እንዳስተማረንም እንጠይቅ። እኛም ያን ቀን ስንወጣ ሳንጠይቅ ነበር «እውነት ነው» ያልነው።