ወቅፍ፦ በኪታብ ገጽ ላይ የተጻፈ አደራ



በመስጊዳችን መደርደሪያ ላይ ያለውን ሙስሐፍ ስታነሱ፣ ከፋቲሓ በፊት ያለውን ገጽ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ «ወቅፍ» የሚል ቃልና የሰጪው ስም ይገኝበታል። ይህች አጭር ጽሑፍ ረጅም ታሪክ አላት።

በአውሮፓ የመጽሐፍን ባለቤት የሚያሳውቅ የታተመ ወረቀት በሽፋን ውስጥ መለጠፍ የተጀመረው በ15ኛው መቶ ዘመን በጀርመን አገር ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1480 አካባቢ ሂልዴብራንድ ብራንደንበርግ የተባለ ሰው ለቡክስሃይም ገዳም በሰጣቸው መጻሕፍት ላይ የተለጠፈው ነው። የሙስሊሙ ዓለም ዑለሞች ግን ከዚያ ብዙ አስቀድመው ይህንኑ በብዕር ይጽፉ ነበር።

ጽሑፉ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በኪታቡ መጨረሻ የገልባጩን ስምና ቀኑን ይናገራል። ሁለተኛው የባለቤትነት ጽሑፍ ሲሆን፣ ባለቤቱ ከስሙ በፊት ራሱን «የጌታውን ምሕረት ፈላጊ ድሃ» ብሎ ዝቅ ያደርጋል። ሦስተኛው ወቅፍ ነው። ኪታቡ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ ለሌላም እንዳይሰጥ ያስራል። ብዙዎች ኑዛዜን የሚለውጥን ሰው የሚያስጠነቅቀውን የሱረቱል በቀራን 181ኛ አንቀጽ ይጨምሩበታል።

አገራችንም የዚህ ታሪክ ባለድርሻ ናት። በ1162 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1749) ሐረር ላይ የተጻፈ አንድ ሙስሐፍ ዛሬ በውጭ አገር በኻሊሊ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ከየት እንደ ሄደ የሚመሰክርለት በላዩ የሰፈረው ጽሑፍ ነው። በወሎም በዳና፣ በጀማ ንጉሥና በገታ ደረሳው ኪታቡን በእጁ ገልብጦ ይቀራ ነበር። ከጉለሌ ሩቅ ባልሆነው ስድስት ኪሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የዓረብኛና የዓጀሚ የእጅ ጽሑፎችን ይጠብቃል። በሐረርም አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ያሰባሰቧቸው ኪታቦች በሙዚየማቸው ይታያሉ።

ታዲያ የመጀመሪያው ቅጠል ሲገነጠል የሚጠፋው ወረቀት ብቻ አይደለም። የሰጪው ስም፣ የሟቹ ዱዓ፣ የመስጊዱም መብት አብሮ ይጠፋል። ኪታቡም ገበያ ላይ ቢወጣ የማን ነው ብሎ የሚከራከር ማስረጃ አይኖርም።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ለመስጊዳችን ኪታብ ስትሰጡ «ወቅፍ» ብላችሁ የመስጊዱን ስም፣ ቀኑንና ለማን ሰደቃ እንደ ሆነ ጻፉበት። ቤታችሁ የቆየ የወቅፍ ኪታብ ካለ መልሱ። አያቶቻችሁ የተዉት የእጅ ጽሑፍ ቢኖር ደግሞ የፊቱን ገጽ እንደ ኪታቡ ሁሉ ጠብቁት። ሰው ቢሞት እንኳ የሰጠው ኪታብ እስከ ተቀራ ድረስ አጅሩ አይቋረጥም።

አላህ ይቀበለን። ወሰላሙ ዓለይኩም።