ስለ ጋፋት መንደርና ስለ አንጥረኞቿ

ከሐሙሲት ገበያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ በፎገራ ሜዳ ያልፋል፤ ወረታ ሲደርስም ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ዳገቱን ይያያዝና ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ይህችም ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፥ በኋላም የራስ ዓሊና የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብላ፥ ከግርጌዋ ውሃ በሚወርድባት ጉብታ ላይ፥ ጋፋት የምትባል ትንሽ መንደር አለች።

ስሙ ከመንደሪቱ ዝና ይቀድማል። ጋፋት በዐባይ ወንዝ አጠገብ የኖረ ሕዝብና የቋንቋው ስም ነው። ቋንቋው የግዕዝና የአማርኛ ዘመድ ሲሆን፥ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በ1939 ዓ.ም. ጎጃም ወርዶ ሲጠይቅ የሚናገሩት ሆነው ያገኛቸው ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ተናጋሪ የለውም።

መንደሪቱን በታሪክ ያስጠራት ግን እቶኗ ነው። በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባ፥ በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና የእጅ ሥራና መጽሐፍ የተማሩ ወጣቶችን ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ንጉሡና አቡነ ሰላማም ቤተ እስራኤልን እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው፤ ነገር ግን ያመነው ሁሉ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ የሚል ውል አስገቧቸው። (ይህን ውል ብዙ ጸሐፊ ይዘነጋዋል፤ የአቡኑን ብልኅነት ግን የሚያሳይ ነው።) ዐፄ ቴዎድሮስ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። በጋፋት አስቀምጠው ቤትና ቀለብ ሰጧቸው፤ ጥበቡንም እንዲማሩ የአገር ልጆችን አስጠጉላቸው። ከእነርሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ፥ እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን፥ አገባ፤ በመንደሪቱም የሕፃናት ትምህርት ቤት ቆመ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ ማለት ይገባል። በዙሪያው ባለው አገር አንጥረኛ ቡዳ ይባል ነበር፤ ማረሻውን ከእጁ የሚቀበል ገበሬ ማዕዱን አያካፍለውም፥ ልጁንም አይድርለትም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከጋፋት እቶን አጠገብ ይውሉ ነበር። ክርስቲያን የሆነ ሕዝብ፥ ጌታ ያደገው በጸራቢው በዮሴፍ ቤት መሆኑን፥ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ መስበኩን፥ እግዚአብሔርም ባስልኤልን በናስ እንዲሠራ ጥበብ እንደ ሞላበት እያነበበ፥ ቀጥቃጩን ስለ ምን ናቀ? ይህን ነቀፋ ካህናቱም ሳይገሥጹት ብዙ ዘመን ማለፉን መሸሸግ አይገባም።

ፈረንጆቹ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም፤ ንጉሡ ሲያዝዟቸው አናውቅም ቢሉም አልተለቀቁም። መጀመሪያ የሞከሩት ከሸፈ፥ ሌላ እቶን ሠሩ፥ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. የጋፋት ሠራተኞች 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን የነሐስ መድፍ አፈሰሱ። ስሙም በክሪምያ ጦርነት በታወቀችው ከተማ ሴባስቶፖል ተባለ። በዚያው ዓመት ግን ንጉሡ ፈረንጆቹን ተጠራጥረው ከጋፋት አስነሥተው በደብረ ታቦር አጠገባቸው አዋሏቸው፤ የመንደሪቱም ደስታ በዚህ አበቃ።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ በሠረገላ ሆኖ በብዙ መቶ ሰው ይጎተት ነበር። መንገድ ስላልነበረ ገደሉ እየተናደ፥ ድንጋዩ እየተፈነቀለ መንገድ ይወጣለት ነበር፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመዋል። ወደ ጂዳና ወደ በሽሎ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና ዳገት ለመውጣት የፈጀው ጊዜ ስድስት ወር ያህል ነው። መድፉ መቅደላ ደርሶ ብዙ ሳይቆይ የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ በማግሥተ ትንሣኤ ሰኞ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ከፈረንጆቹ የሚበዙት ከጦሩ ጋራ አገር ለቀቁ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ በብሩማና ትምህርት ቤት፥ በአስፉሪዬም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። የጋፋት እቶን ግን ጠፋ። ጥበቡ ለዚህ አገር ያልተረፈው ፈረንጆቹ ስለ ሄዱ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ላይ ብቻ ቆሞ ነበርና፥ ንጉሡ ሲወድቁ የተማሩትን ልጆች የሚያስጠጋ ጌታ፥ በሥራቸውም የሚያከብራቸው ጎረቤት አልተገኘም። ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ የተከለከለው ከዚህ 40 ዓመት ቆይቶ፥ በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ነው፤ ስድቡም ከአዋጁ በኋላ ብዙ ቆየ።

በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የሚታየው የሴባስቶፖል ምስል ነው። ዋናው መድፍ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ወድቆ ይገኛል።