ክዩሾኩ (የጃፓን የትምህርት ቤት ምሳ)

ክዩሾኩ በጃፓን ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች የሚቀርብ የምሳ ሥርዓት ነው። የተጀመረው ረሃብን ለመከላከል ሲሆን፣ ዛሬ ግን የልጆችን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለመቀነስ ከሚረዱ መንገዶች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ከበለጸጉ አገሮች መካከል ጃፓን የልጆች ውፍረት ዝቅተኛ ከሆነባቸው አንዷ ናት።

ታሪክ

የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ምሳ እ.ኤ.አ. በ1889 በያማጋታ ክፍለ ሀገር፣ በፁሩኦካ እንደቀረበ ይነገራል። በዚያም የቡድሃ መነኮሳት ምሳ መያዝ ለማይችሉ የድሃ ልጆች የተድቦለቦለ ሩዝና በጨው የተጠበቀ ዓሣ ይሰጡ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእርዳታ የመጣ የዱቄት ወተት ለተማሪዎች ታድሏል። በ1954 የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ፣ በ2005 ደግሞ «ሾኩኢኩ» የሚባለው የምግብ ትምህርት መሠረታዊ ሕግ ወጣ።

አሠራር

የተለመደው ምሳ ሩዝ ወይም ዳቦ፣ ሾርባ፣ ዓሣ ወይም ሥጋ፣ አትክልትና 200 ሚሊ ሊትር ወተት አለው። ለ8 እና ለ9 ዓመት ልጆች የተቀመጠው መጠን 650 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ተማሪዎች ነጭ ሽርጥ ለብሰው በየተራ ምግቡን ያድላሉ፤ በክፍላቸውም ከመምህራቸው ጋር ይበላሉ። ለሁሉም የሚቀርበው አንድ ዓይነት ምግብ ስለሆነ፣ ልጁ አትክልቱን ትቶ ጥብሱን ብቻ የሚመርጥበት ዕድል ጠባብ ነው።

በውፍረት ላይ ያለው ውጤት

በ2018 የታተመ ጥናት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መረጃ በየክፍለ ሀገሩ አነጻጽሯል። ምሳው በተስፋፋባቸው ቦታዎች የወንዶች ልጆች ውፍረት የቀነሰ ሲሆን፣ በሴቶች ላይ ግን ግልጽ ለውጥ አልታየም። ብዙ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በእግር ስለሚሄዱ፣ የአገሪቱን ዝቅተኛ የውፍረት መጠን ምሳው ብቻውን ያመጣው ነው ማለት አይቻልም።

የቤተሰብ ድርሻ

ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ቢበላ በዓመት 1,095 ጊዜ ይመገባል። ከዚህ ውስጥ በትምህርት ቤት የሚበላው ከ200 አይበልጥም። የቀረውን፣ እንዲሁም ለስላሳ መጠጡን፣ መክሰሱንና የመኝታ ሰዓቱን የሚወስነው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች የወሩን የምግብ ዝርዝር ወደ ቤት ይልካሉ፤ ወላጆችም ምሳ የተበላውን አይተው እራቱን ያመጣጥናሉ። ቁርስ ሳይበሉ የሚውሉ ልጆችን ቁጥር መቀነስም ከመንግሥት የምግብ ትምህርት ዕቅድ ግቦች አንዱ ነው።