በዕድሜ የገፉ ሰዎች የስፖርት ጉዳት

በዕድሜ የገፉ ሰዎች የስፖርት ጉዳት በውድድርም ሆነ ለጤና ሲባል በሚደረግ እንቅስቃሴ በጡንቻ፣ በጅማት፣ በመገጣጠሚያና በአጥንት ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። በዓለም አቀፉ የአንጋፋዎች አትሌቲክስ የዕድሜ ምድቡ ከ35 ዓመት ይጀምራል፤ ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ግን ከ60 በላይ ያለው ነው። ጡንቻ እየቀነሰ፣ ጅማት የመለጠጥ አቅሙን እያጣ፣ አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፤ የሴቶች አጥንት ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ፈጥኖ ይሳሳል። ወጣቱ በወለምታ የሚያልፈው አወዳደቅ አዛውንቱን የእጅ አንጓ ወይም የዳሌ ስብራት ላይ ይጥላል።

ከኢትዮጵያ አትሌቲክስ ታሪክ ጉዳዩን አጉልቶ የሚያሳየው በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ የተካሄደው የኦሎምፒክ ማራቶን ነው። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ሁለቱም በ1932 የተወለዱ ነበሩ። የሰሜን ሸዋው ተወላጅ አበበ እግሩን እንደታመመ ሮጦ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ማሞ አሸነፈ፤ በ1972ም በ40 ዓመቱ በሙኒክ ነሐስ ወሰደ። እኩያሞቹን የለያቸው ያልዳነ እግር እንጂ ዕድሜ አልነበረም። ለዓመታት የባትና የተረከዝ ጅማት ጉዳት ያሠቃየው ቀነኒሳ በቀለም በ2024 በ41 ዓመቱ የለንደን ማራቶንን በ2:04:15 ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል።

በመንዝ ደጋ፣ በዘመሮና በመሐል ሜዳ አካባቢ፣ ሽማግሌና ጎረምሳ አብረው ሜዳ የሚወርዱበት ባህላዊ ስፖርት የገና ጨዋታ ነው። ቆልማማው ዱላና ሩሯ (ኳሷ) የሚያርፉት ቅልጥምና ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፤ የእግር መከላከያ የሚባል የለም። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ ቢመታ አይቆጣም ይባላል፤ የሽማግሌው አጥንት ግን እንደ ጎረምሳው ቶሎ አይገጥምም። በአዲስ አበባ ደግሞ ሳምንቱን ወንበር ላይ ውለው እሑድ ጠዋት ሳያሟሙቁ ለጤና ቡድናቸው የሚሰለፉ ጎልማሶች የባት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት መበጠስ ያገኛቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ደግሞ ሚዛን መጠበቅንና ጡንቻ ማጠንከርን ያካተተ ልምምድ ይመክራል።

ከጉዳቱ በላይ የሚያስፈራው አያያዙ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው የተሰበረውን እግር በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስረው ደም ይቋረጣል፤ በዚህ ሰበብ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። የስኳር ሕመም ያለበት አዛውንት አደጋው ይብስበታል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ወዲያው መፈታት አለበት፤ የተሰበረው አካል ሳይታሽ፣ ደም በማያግድ ድጋፍ ተይዞ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰዳል።