የጥርኝ ቀለብና የጥርኝ ሕግ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ጨፋ ገብቼ ሳለሁ አንድ የሠፈራችን ልጅ ከቦርከና ዳር ካለው ቁጥቋጦ ጡት ያልጣለ ጥርኝ ይዞ መጣ። ቅርጫት ደፋበትና ሠፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ «ዝባድ እኮ ወርቅ ነው፤ አሳድገው» ይላል። ሌላው «የመንግሥት አውሬ ነው፤ ያሳስርሃል» ይላል። እኔም ወደ ጎረቤታችን ሽማግሌ ዞሬ «አባባ፣ አንቱስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሕጉን እናንተ የተማራችሁት ታውቁታላችሁ። እኔ የምጠይቀው ቀለቡን ነው። ለራሱ ያላገኘውን ሥጋ ለጥርኝ ከየት ያመጣል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወደ ታሪክ መለስ ብዬ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥርኝን በቤት ማቆየት በአገራችን ጥንታዊ ሥራ ነው። በ1700 እ.ኤ.አ. ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ቀዳማዊ ኢያሱን አክሞ ከጎንደር ሲመለስ በእንፍራዝ አለፈ። እስከ ሦስት መቶ ጥርኝ የሚያቆዩ ነጋዴዎች እዚያ እንደነበሩ ጽፏል። ቀለቡንም መዝግቧል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ በቀሩት ቀናት በወተት የተሠራ ገንፎ። እስቲ እናስላው! ለ300 ጥርኝ በሳምንት 900 የሥጋ ድርሻ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ስንቱ ገበሬ ሥጋ የሚቀምሰው በበዓል ብቻ እንደነበር አንባቢ ያስታውስ። እንግዲህ ጥርኝ የድሃ ከብት አልነበረም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የንግዱ ምንጭ ሊሙ እናርያ ነበር። ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ፣ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር ከሰቃ ገበያ ተነሥቶ፣ በጎጃም ባሶ በኩል ጎንደርና ምጽዋ ይደርሳል። በየኬላው ቀረጥ አለ። የጥንቱ «ሕግ» ይኸው ነበር፤ ቀንዱን ይቆጥራል፣ ጥርኙን ግን አያይም።

ለመሆኑ ጥርኙ እንዴት ይኖራል? ከዱር በወጥመድ የተያዘው ወንዱ ጥርኝ ዞር ማለት በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ጎጆ ይገባል። ቤቱ እሳትና ጭስ አይለየውም፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛል ይባላል። ቡዳ እንዳያየው እንግዳ አይገባም። በየዘጠኝ በየአሥር ቀኑ ገደማ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ዝባዱ በማንኪያ ይፋቃል። ገንፎ፣ እንቁላል፣ ሥጋና ቅቤ ይበላል፤ ነገር ግን አይዋለድም። አንዱ ሲሞት ሌላ ከዱር ይመጣል።

በአውሮፓ ፌሬት የምትባል የሸለምጥማጥ መሳይ አውሬ አለች። ሰው ጥንቸል ለማደን ካላመዳት ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በቤት ተወልዳ በቤት ታድጋለች። እንዲያም ሆኖ የካሊፎርኒያና የሃዋይ ሕግ በቤት ማቆየቷን ይከለክላል። የኛ ጥርኝ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሲቀለብ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ የቤት እንስሳ አልሆነም። እስረኛ ነው።

ሕጋችንም ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 61 ዋና ጉዳዩ አደን ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ የተገኘን ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እሥራት፣ ወይም ሁለቱንም ደነገገበት። የሠፈራችን ሰው «ያሳስርሃል» ያለው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም።

ይሁን እንጂ ገበያውን ያናጋው የኛ ሕግ ብቻ አይደለም። ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት በ1926 እ.ኤ.አ. የዝባዱን ሽታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር አሠራር ገለጠ፤ ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ መሥራት ተቻለ። ሻኔል የተባለው የሽቶ ድርጅትም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈጥሮውን ዝባድ መተዉን አስታውቋል። ውጭ አገር ሰው ስለ ጥርኙ ሥቃይ ሲጮህ ሽቶ ቀማሚው ወደ ፋብሪካው ይዞራል። ገበሬው ግን ወዴት ይዞራል? ሥጋውንና እንቁላሉን ከጓዳው ያወጣው እሱ ነው፤ ትርፉን ያየው ግን ሽቶውን የሸጠው ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው ልክ ነበሩ እላለሁ። ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ መኖሩ መልካም ነው፤ ግን የጎጆው ስፋት ስንት ይሁን፣ ቀለቡን ማን ይቻል፣ ገበሬው ቢተወው በምን ይተዳደር ብሎ ካልጠየቀ ከጥንቱ ኬላ ብዙም አይሻልም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ልጁ እያጉረመረመ ጥርኙን ከያዘበት ቁጥቋጦ ወስዶ ለቀቀው። «ምን አገኘሁበት?» አለኝ ስንመለስ። እውነቱን ነው፤ ምንም አላገኘም። እኔም ከአዋጁ ቁጥር በቀር የምነግረው አልነበረኝም።