«አስፋልት ኮንክሪት» ሲባል

በመንገድ ዜናዎቻችን «በአስፋልት ኮንክሪት ደረጃ» የሚለው ሐረግ አይጠፋም። ኮንክሪት ሲባል ሲሚንቶ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። እዚህ ላይ ግን ማያያዣው ሬንጅ ነው፦ ጠጠርና አሸዋ በጋለ ሬንጅ ተለውሶ፣ ሳይቀዘቅዝ ተነጥፎ በሮለር ይዳመጣል።

በአሮጌ አስፋልት ላይ የሚደረበው «የኮንክሪት ንጣፍ» ሌላ ነው። ያረጀው አስፋልት ሳይነሳ ጉድጓዱ ይደፈናል፤ ፊቱ ተፍቆና ጸድቶ በላዩ የሲሚንቶ ኮንክሪት ይፈስበታል። ውፍረቱ እንደ ጭነቱ 10፣ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያም በላይ ይሆናል። በዘፈቀደ እንዳይሰነጠቅ መገጣጠሚያው በመጋዝ ይቆረጣል፤ እስኪጠነክር ድረስም ለቀናት እርጥበቱ ይጠበቃል፣ መኪናም አያልፍበትም።

ልዩነቱ ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተሞች ለሚዛን ተፈሪና ለቴፒ ትልቅ ነው። ዝናቡ ብዙ ወራት ይዘልቃል፤ ቡና የጫነ ከባድ መኪና ዳገት ቁልቁለቱን ይመላለሳል። ሬንጅ ከውጭ በምንዛሪ ይገባል፣ ሲሚንቶ ግን አገር ውስጥ ይመረታል። ሆኖም ሥሩ በውኃ የላላን መንገድ ኮንክሪትም አያድነውም፤ መጀመሪያ የውኃ መውረጃው ይስተካከል።

የመንገድ ዜና የምትጽፉ ባልደረቦቼ፣ ማያያዣው ሬንጅ ይሁን ሲሚንቶ ለይታችሁ ጻፉልን።