ኤምባሲ ሲዘጋ የሐጅ ቪዛ ከየት ይገኛል?

ሐጅ ግዴታ የሚሆነው በቻለ ሰው ላይ መሆኑ በሱረቱ አል ዒምራን አንቀጽ 97 ተገልጿል። የፊቅህ ዑለማዎች ይህን መቻል (ኢስጢጣዓ) ሲያብራሩ ስንቅን፣ መጓጓዣንና የመንገድን ሰላም ይጠቅሳሉ። ዛሬ ሌላም በር ተጨምሯል፤ እርሱም ቪዛ ነው። በዚህ ጽሑፍ ቪዛ ከውጭ ሀገር ሚሲዮን ሲሰጥ የሚገጥሙ ችግሮችን በሳዑዲ ዐረቢያና በኢራን መካከል ከሆነው በመነሳት እናያለን።

ሥልጣኑ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 5 ቪዛ መስጠትን ከቆንስላ ሥራዎች አንዱ አድርጎ ዘርዝሯል። ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውን የሚወስነው ላኪው መንግሥት ነው። የጽሕፈት ቤቱን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ደግሞ ተቀባዩ መንግሥት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆማል።

የሐጅ ቪዛ ለምን ይከብዳል?

ለንግድ የሚሄድ ሰው ቪዛው ቢዘገይ ጉዞውን ወደ ሌላ ሳምንት ያሸጋግራል። ዐረፋ ግን ዙልሒጃ 9 ነው፤ ያለፈው ሰው ዓመት ይጠብቃል። ሚሲዮኑ የብዙ ሺህ ሰዎችን ፓስፖርት፣ የክትባት ማስረጃና የማረፊያ ውል በአጭር ጊዜ ማጣራት አለበት። ኮታም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የእስልምና ጉባኤ ድርጅት ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 1,000 ሑጃጅ የሚል ስሌት አጽድቋል።

የ2016ቱ ሐጅ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 መጀመሪያ ላይ ቴህራን የሚገኘው የሳዑዲ ኤምባሲና መሽሀድ ያለው ቆንስላ በሰልፈኞች ጥቃት ደረሰባቸው። ሳዑዲ ግንኙነቷን አቋረጠች፤ ዲፕሎማቶቿም ወጡ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ድርድር ከዋነኞቹ ጥያቄዎች አንዱ «ቪዛው የት ይሰጥ?» የሚል ነበር። ኢራን ሑጃጆቿ ሦስተኛ ሀገር ሳይሄዱ እዚያው ቪዛ እንዲያገኙ ጠየቀች። ሳዑዲ በኢንተርኔት ተጠይቆ የሚታተም ቪዛ አቀረበች። በ2015 ሚና ላይ በደረሰው አደጋ የሞቱት ሰዎች ጉዳይና የሑጃጆች ደህንነትም አጨቃጨቀ። ሳይስማሙ ቀሩ፤ አንዱ ሌላውን ወቀሰ። በዚያ ዓመት ከኢራን የሐጅ ልዑክ አልሄደም። ግንኙነቱ በ1988 በተቋረጠ ጊዜም ኢራናውያን እስከ 1991 ድረስ ሳይሄዱ ቆይተዋል።

መውጫው

የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 45 ግንኙነት ሲቋረጥ ሁለቱም የሚቀበሉት ሦስተኛ ሀገር ጉዳዩን እንዲይዝ ይፈቅዳል። ስዊዘርላንድ በ2017 ይህን አደራ ለሁለቱም ወገን ተቀበለች። በዚያው ዓመት፣ ኤምባሲዎቹ እንደተዘጉ፣ ከ80,000 በላይ ኢራናውያን ሐጅ አደረጉ። ሁለቱ ሀገሮች ግንኙነታቸውን ለማደስ የተስማሙት በማርች 2023 ቤጂንግ ላይ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ኤምባሲ ቢዘጋም ፍላጎት ካለ መንገድ እንደሚገኝ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲቆጥብ የኖረ አዛውንት ግን የጠፋውን አንድ ዓመት ላይደርስበት ይችላል። መንግሥታት ሲጣሉ የሑጃጁን ጉዳይ ከጠባቸው ለይተው ቢያዩት መልካም ነው። መንገዱ የተዘጋበት ሰው ኒያውን ይያዝ፤ ባልቻለው አይጠየቅም። ወላሁ አዕለም።